ቁጥር የሌለው ሰዓት

ሰውየውን ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ደቂቃ ነው የሚለው። ሰዓት ሠሪ ነው። ሱቁ ከአንድ የቆየ ፎቅ ደረጃ ሥር የተወሸቀች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ የሚያወራባት ጠባብ ክፍል ናት። መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ አንገቷን ያቀረቀረች መብራት፣ ዓይን ላይ የሚሰካ አጉሊ መነጽር፣ በየመጠናቸው የተደረደሩ ሰባት ወረንጦዎች። ከጀርባው ግድግዳ ላይ ምስማር በመደዳ ተመትቷል፤ በየምስማሩ ሰዓት ተንጠልጥሏል። እነዚያ ገና ያልተከፈቱ፣ «ትዝብት ላይ» ያሉ ናቸው።

ጋሽ ደቂቃ አንድ የማይሻር ሕግ አለው፤ ሰዓት ሳይታዘቡት አይከፈትም። ይቀድማል ወይስ ይዘገያል? የሚያጠፋው ጠዋት ነው ማታ? ሲተኛ ነው ሲንጠለጠል? ይኼ ሁሉ በየቀኑ በትልቁ ደብተር ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ሰዓት ቁጥር፣ የባለቤት ስምና የራሱ ገጽ አለው። ሌላው ሰዓት ሠሪ በቀን የሚጨርሰውን እሱ ወር ያቆየዋል። «ለጋሽ ደቂቃ ሰዓት ከመስጠትህ በፊት ለልጆችህ ተናዘዝ» ይላሉ የሰፈሩ ቀልደኞች። እሱ ምን ገዶት! «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይልና ወረንጦውን ያነሳል። እውነቱን ለመናገር ከእሱ እጅ የወጣ ሰዓት ተመልሶ አይመጣም። ኩራቱም ይኸው ነው፤ ሌላ የሚኮራበት ነገር የለውም፤ ደህና ኮት እንኳ የለውም።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ በገዛ ሕጉ ጉድ የሆነው።

ነገሩ አንድ ጠዋት ጀመረ። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ወረንጦውን ሊያነሳ እጁን ቢሰድ ጣቶቹ አልታጠፍ አሉት። ሃያ ደቂቃ ያህል ሲያሻሻቸው ተፈቱ። «ብርድ ነው» አለ። በማግስቱም ያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን የሁለቱም እጆቹ አንጓዎች አብጠው፣ ሞቅ ብለው አገኛቸው። እኔና እናንተ ብንሆን ለሚስታችን እንናገራለን፤ ሲብስም ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ጋሽ ደቂቃ ግን ደብተሩን ገለጠና አዲስ ገጽ ጀመረ።

«ቁጥር፦ የለውም። ባለቤት፦ እኔ። ችግሩ፦ ጠዋት ጠዋት ይደርቃል።» ከሥሩም «20 ደቂቃ» ብሎ ጻፈ።

ከዚያማ ታዘበው። በየጠዋቱ ጣቶቹ ተፈተው ወረንጦ እስኪይዙ ድረስ ያለውን ጊዜ ለክቶ ይመዘግባል። በሁለተኛው ወር ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሆነ። በሦስተኛው ወር አንድ ሰዓት ሞላ። ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈት የነበረው ሱቅ ሦስት ሰዓት፣ ከዚያም አራት ሰዓት ላይ መከፈት ጀመረ። «ሰዓት ሠሪ ሆኖ ያረፍዳል፤ ወይ ጉድ!» አለ ሰፈሩ። በአሮጌ የሰዓት ዕቃ ቆርቆሮ ውስጥ የማስታገሻ ክኒን ደበቀ፤ መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት እየዋጠ፣ በላዩ ሲጋራ እያጨሰ፣ አራት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ እየጠጣ ከጣቶቹ ጋር ይደራደራል። ሌሊት እንቅልፍ የለም። ጨጓራው ይነዳል። የሰው ሰዓት ግን ያለ ስህተት ይሠራል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው።

ታዲያ ሚስቱስ አላየችም ወይ? ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ቤት ውስጥ፣ ከስፌት መኪናዋ ሥር የማትነሳ፣ አፏ እንደ መርፌዋ የሚወጋ፣ ልቧ ግን የዋህ። ማርፈዱን አይታለች፤ ስንፍና መስሏታል። ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተውና «አንቺ ቆልፊልኝ» ሲላት ደግሞ መሞላቀቅ መስሏት፣ «አይ የኔ ጌታ፣ በስተርጅና ልጅነት አማረህ!» እያለች ትቆልፍለታለች። እሱ ያበጡ እጆቹን ከጀርባው፣ ማታም ከጋቢው ሥር ይሸሽጋል። በልቡ ይስቃል፤ ቀጥሎ ያፍራል። ስንት ጊዜ ሊነግራት አፉን ከፍቷል፤ ግን ምን ይበላት? የእናቷ ሰዓት አለቻ።

የእናቷ ሰዓት ማለት ጥፍር የምታክል፣ በቀጭን የቆዳ ማሰሪያ የምትታሰር የሴት ሰዓት ናት። መጋረጃ ሰፊዋ ልጅ ሳለች የእናቷን ክንድ ተንተርሳ ነበር የምትተኛው፤ የዚያች ሰዓት ምት በጆሮዋ ሥር እየመታ ነው ያደገችው። እናትየዋ ከሦስት ዓመት በፊት ሲሞቱ ሰዓቷም ቆመች። ያኔ ጋሽ ደቂቃ፣ «የእናትሽን ሰዓት ከእኔ እጅ በቀር የሚነካት የለም» ብሎ ቃል ገባላት። እውነቱን ነበር። ግን መጀመሪያ ሌላ ሥራ ተደራረበ፤ ኋላ ደግሞ ጣቶቹ። ከሰዓቶቹ ሁሉ ረቂቋ እሷ ናት፤ በደረቀ ጣት የምትነካ አይደለችም። «ነገ» ይላታል። «ትዝብት ላይ ናት» ይላታል። እሷም ቀስ በቀስ የእናቷ ነገር እንዳልገደደው ቆጠረችው፤ ያ ደግሞ ከጣቱ በላይ አመመው።

አንድ ቀን ታዲያ እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ «የቆመች ሰዓት ስንት ዓመት ነው የምትታዘባት?» አለችው። «እስከ ቅዳሜ ካልሠራኻት ለቶሎ ቶሎ እሰጣለሁ።»

ቶሎ ቶሎ ማለት መንገድ ማዶ ያለው ሰዓት ሠሪ ነው፤ ቆመህ ጠብቀኝ ብሎ የሚሠራ። ለጋሽ ደቂቃ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ከማዕዱ ተነስቶ ወጣና በረንዳ ላይ ሲጋራ ለኮሰ።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ክኒን ዋጠና ሰዓቷን ከፈታት። ከሆዷ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የምትወዛወዝ አንዲት ቀጭን መንኮራኩር አለች፤ እሱ ልቧ ነው የሚላት። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካ፣ ትንፋሹን ዋጠ፣ በወረንጦ አነሳት። ልክ በዚያን ሰዓት ሚስቱ ምሳ ቋጥራ በበሩ ገባች። ቂሟን ትታ የመጣች ነበረች። ጣቱ ከዳው፤ መንኮራኩሯ ከወረንጦው ተስፈንጥራ ወለሉ ላይ ወደቀች።

«ውይ! የእናቴ!» ብላ ጮኸች።

ሁለቱም ተንበርክከው ወለሉን ዳበሱ። እሷ የመጋረጃ ሰፊ ዓይን ነው ያላት፤ ከጠረጴዛው እግር ሥር አየቻት። «ይቺትና፤ አንሳት» አለችው። እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። «አንሳት እንጂ፣ እፊትህ እኮ ናት!» እጁን ዘረጋ፤ ጣቶቹ መንኮራኩሯን ጋረዷት እንጂ አልያዟትም። ደግሞ ሞከረ። በሦስተኛው፣ «አንቺ አንሺያት» አላት።

ያኔ ነው እጁን ያየችው። ለሠላሳ ዓመት የምታውቀው እጅ አልነበረም፤ አንጓዎቹ አብጠው፣ ቀልተው፣ ሁለቱ ጣቶች ወደ ጎን ማዘንበል ጀምረዋል። መንኮራኩሯን በጣቷ ጫፍ አንስታ ወረቀት ላይ አኖረች፤ ከዚያ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። ይሞቃል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

ደብተሩን ገልጦ ሰጣት። ቆማ አነበበችው። ገጽ ገለጠች፤ ደግሞ ገለጠች። ሃያ፣ ሠላሳ አምስት፣ ስልሳ፣ መቶ ደቂቃ፣ መቶ አርባ። አንድም ቀን አልተዘለለም።

«አሥራ ስድስት ወር!» አለች። «ለእኔ ሳትነግረኝ ለደብተር ትናገራለህ? ደብተር ነው ቁልፍህን የሚቆልፍልህ?» ብላ ጀመረችና መጨረስ አቃታት። እዚያው የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እሱ ደግሞ የሚያደርገው ጠፍቶት ምሳውን ፈታ። ሁለቱም አልበሉም።

ሰኞ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ ልጁ የምትሆን። እጆቹን አገላብጣ እያንዳንዱን አንጓ ጫን አድርጋ ስታበቃ፣ «አባቴ፣ ጠዋት ሲነሱ ጣትዎ እስኪፈታ ምን ያህል ይቆያል?» አለችው። «ብዙ ሰው ይኼን በትክክል አያውቀውም፤ በግምት ይንገሩኝ።»

«በግምት!» አለች ሚስትየው፤ ደብተሩንም ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረገችው።

ሐኪሟ ስታነብ መጀመሪያ ፈገግ አለች። «እንዲህ ያለ ታማሚ አይቼ አላውቅም» አለች። ጋሽ ደቂቃም እንደ ተመሰገነ ተማሪ ቀና አለ። ገጹን እየገለጠች ስትሄድ ግን ፈገግታዋ እየጠፋ ሄደ። ለደምና ለራጅ ላከችው። ውጤቱ ሲመጣ ራጁን ከመብራት ጋር አጋጥማ ሁለት ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ የቀኝ እጁ አመልካችና የመሀል ጣት፣ ከሥራቸው።

«እነዚህ ሁለቱ ተበልተዋል» አለች። «አይመለሱም። ሌሎቹን ግን እናድናለን።» ከዚያ ደብተሩን ወደ ሦስተኛው ወር ገልጣ አንድ መስመር ላይ አቆመች፤ «60 ደቂቃ» የሚለው ላይ። «አባቴ፣ ቢያንስ በዚህች ቀን ቢመጡ ኖሮ እነዚህም ይተርፉ ነበር ብዬ ነው የማስበው።»

ሰዓት የለካ፣ ደቂቃ የቆጠረ፣ አንድ ቀን እንኳ ያልሳተ ሰው፣ ያለፈችውን ቀን በገዛ እጅ ጽሕፈቱ አነበባት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን አሁን ማን ያስተምረዋል! ውሃ መጠጣት ፈልጎ ብርጭቆው ከእጁ እንዳይወድቅ ፈራና ተወው።

«ግን ምንድን ነው እሱ?» አለ በመጨረሻ። «ሥራ አልበዛብኝ፣ አልተመታሁ።»

«ብግነት ነው የምንለው» አለች ሐኪሟ። «እሾህ ሲወጋዎ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል አይደል? እሱ ደግ ነው። ሰውነት ዘበኛ ልኮ ነው፤ ዘበኛው ሌባውን ያባርርና ወደ ቤቱ ይገባል። የእርስዎ ዘበኛ ግን ሌባ ሳይኖር ወጥቶ፣ አልገባም ብሎ፣ የቤቱን ሰው ነው የሚደበድበው። መገጣጠሚያዎን። ሌት ተቀን።»

«ክኒኑስ? ያሽለኝ ነበር እኮ።»

«ጩኸቱን ነው የቀነሰልዎ፤ ድብደባው አልቆመም። ጨጓራዎ ደግሞ በላዩ ተጎዳ።»

መድኃኒት ጻፈችለት፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ፣ በየጊዜው ደም እየታየ የሚቀጥል። «ቶሎ አይሠራም፤ ሳምንታት ይፈጃል፤ ተስፋ ቆርጠው እንዳይተዉት» አለች። ከዚያ ጥርስዎን ያሳዩኝ አለችው፤ ድዱ ይደማል፣ ወደ ጥርስ ሐኪም ላከችው። ሲጋራውን ያቁሙ አለችው። «ሲጋራ ለዚህ በሽታ ነዳጅ ነው። መድኃኒቱንም ያደክመዋል።» ስኳሩን ይቀንሱ፣ ሌሊት ይተኙ፣ በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ። «እነዚህ መድኃኒቱን አይተኩም» አለች፤ «ግን ዘበኛውን የሚያስቆጡትን ነገሮች አንድ በአንድ እናንሳለት።»

ጋሽ ደቂቃ አስቦ አስቦ ጠየቀ፦ «መድኃኒቱን ከመጀመሬ በፊት ስንት ቀን ልታዘበው?»

ሐኪሟ ሚስቱን አየቻት። ሚስትየው፣ «ዶክተር፣ እሱን ለእኔ ተይው» አለች። መድኃኒቱን እዚያው ግቢ ካለው መድኃኒት ቤት ገዝታ፣ ከበሩ ሳይወጡ አስዋጠችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ቀላል አይምሰላችሁ። ሲጋራ ያቆመ ሰዓት ሠሪ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከደንበኛ ጋር ተጣላ፣ ከሻይ ብርጭቆ ጋር ተጣላ፣ ማታ ማታ ሚስቱ «ተነስ እንሂድ» ስትለው ከመንገዱ ጋር ተጣላ። ስኳሩ ከአራት ማንኪያ ወደ አንድ ሲወርድ፣ «ይኼ ሻይ ነው የእጣቢ ውሃ?» አለ። እሷም፣ «ጠጣ፤ ስታጉረመርም ጣቶችህ ይሰሙሃል» ትለዋለች። አንድ ቀን ተደብቆ ሲያጨስ አገኘችውና ቀኝ እጁን ይዛ ሁለቱን የተበሉ ጣቶች ሳመቻቸው። ያን ቀን ነው የምር ያቆመው።

ደብተሩም ቀጠለ፤ አሁን ግን ቁጥሩን የምትጽፈው እሷ ናት። መቶ አርባ። መቶ አርባ አምስት። መቶ ሠላሳ። በሰባተኛው ሳምንት ዘጠና። ደግሞ መቶ አሥር፤ እንቅልፍ ያጣ ቀን ነበር። በአምስተኛው ወር ሃያ አምስት። የአንጓዎቹ ሙቀት ወረደ፤ እብጠቱ ጎደለ፤ የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ መቆለፍ ጀመረ። መጀመሪያ የቆለፈ ቀን፣ «እሰይ! የኔ ሙሽራ!» ብላ እልል አለች፤ ጎረቤት ሠርግ ያለ መስሎት ወጣ።

ሁለቱ ጣቶች ግን ያው ናቸው። የግድግዳ ሰዓት ይሠራል፣ የጠረጴዛ ሰዓት ይሠራል። የእጅ ሰዓት፣ ያውም የሴት፣ አልቻለም። አንድ ቀን የእናቷን ሰዓት ከነወረቀቷ ይዞ መጣና ፊቷ አስቀመጣት።

«ለቶሎ ቶሎ ስጪው» አላት። ይቺን ቃል ለመናገር ስንት ቀን እንደፈጀበት እሱ ያውቃል።

«ከእኔ እጅ በቀር የሚነካት የለም አላልክም?»

«እጅ የለኝማ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ «የለኝም። ጊዜ ሳለኝ ስቆጥር ከረምኩ። ይቅር በይኝ።»

መጋረጃ ሰፊዋ ሁለት እጆቿን አንስታ ፊቱ ላይ ዘረጋቻቸው። «ይኼስ የማን እጅ ነው?» አለችው። «መርፌ ላይ ክር ሳጠልቅ የኖርኩበት። አንተ ንገረኝ፤ እኔ እይዛለሁ።»

ወር ሙሉ በውዳቂ ሰዓት ተለማመደች። ወይ አስተማሪ! «ቀስ!» ይላል፤ «ቀስ አልኩሽ፣ መጋረጃ አይደለም!» እሷም፣ «እስቲ ዝም በል፣ ትንፋሽህ ዕቃውን ይበትነዋል» ትላለች። ሁለት ጊዜ ወረንጦ ወርውራ ወጥታለች። ሁለቱንም ጊዜ ተመልሳለች።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት፣ ጣቶቹ ገና በአሥራ ስምንት ደቂቃ በተፈቱበት ቀን፣ ጠረጴዛው ላይ እሷ ተቀመጠች፤ እሱ ከትከሻዋ በላይ ቆመ። ሱቁ ተዘጋ። ያን ቅዳሜ ስትወድቅ ጫፏ የታጠፈውን መንኮራኩር በሌላ ተክተውላታል። «አሁን ልቧን አንሺ» አላት በለሆሳስ። አነሳች። «ወደ ቀኝ። ትንሽ። እዚያው ያዢ። ልቀቂ።» ለቀቀች። መንኮራኩሯ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠች፤ ቆመች። ሁለቱም አልተነፈሱም። ከዚያ ወዲያ አለች፣ ወዲህ አለች፣ ወዲያ ወዲህ አለች።

ሴትየዋ ወረንጦውን አስቀምጣ ሰዓቷን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷ እንዴት እንደሆነ ልናገር ብል አልችልም፤ ጋሽ ደቂቃም ዛሬም ድረስ አይችልም። «እሷ ናት» አለች። «እማዬ ናት።» እንባዋ በአፍንጫዋ ጫፍ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

ጥቂት ቆይታ ሰዓቷን ክዳኗን አልብሳ፣ ማሰሪያዋን አስተካክላ፣ ተነስታ ከጀርባ ወዳለው ግድግዳ ሄደች። ባዶ ምስማር ፈለገች።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ትዝብት ላይ ላድርጋት እንጂ። ሕግህ አይደል? ስንት ቀን?»

ጋሽ ደቂቃ ምስማሮቹን አየ። ደብተሩን አየ። «የለም» አለ። «አምጪው እጅሽን።»

ግራ እጇን ሰጠችው። ቀጭኑን ማሰሪያ በአንጓዋ ላይ አዞረና ዘለበቱን ለመቆለፍ ጀመረ። የቀኝ አመልካች ጣቱ አልታዘዝ አለው፤ በአውራ ጣቱና በቀለበት ጣቱ ሞከረ። አመለጠው። ደግሞ ያዘ፣ ደግሞ አመለጠው። እንደ ድሮዋ ብትሆን «አምጣ እኔ ልቆልፈው» ትል ነበር፤ አላለችም። ውጭ መንገዱ ላይ ሰው ያልፋል፣ አንድ ደንበኛ በሩን አንኳኩቶ ጠብቆ ሄደ፣ የፀሐዩ ብርሃን ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ መሀል ተጠጋ። እሷ እጇን ዘርግታ ቆማለች። በመጨረሻ ዘለበቱ ገባ።

ብዕሩን ከጠረጴዛው አንስታ ደብተሩን ገለጠች። «ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?» አለችው።

«አልቆጠርኩም» አለ።